«ምንጭ የለም» ያለችኝ ሴት

ስንዱ መሞቷን በስልክ ስሰማ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምንጭሽ ማነው?» የሚል ነበር። መርዶውን የነገረችኝ በላይነሽ ስልኩን ዘጋችብኝ። ጥያቄው ግን የእኔ አልነበረም። የስንዱ ነበር። ለሦስት ዓመት በየቀኑ ስትጠይቀኝ ስለኖረች፣ አፈሯ ሳይደርቅ መልሼ ለራሷ ጠየቅሁላት። አልተጸጸትኩም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለው የሚጀምሩ ሰዎች አሉ። እንዲያ ብለው ይጀምሩና የሟቹን አንድ አጥንት ሳያስተርፉ ይወቅሱታል። እኔ እንዲያ አልልም። የተነሳሁት ልወቅሳት ነው።

የተዋወቅነው ዓረብ አገር፣ ሳምጣ ነው፤ ከየመን ድንበር በመኪና ብዙ በማያስኬድ ከተማ፣ የየመን ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አጥር ግቢ ሁለት ቤት ነበራቸው። እኔ የታላቅየው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ስንዱ የታናሽየው። በሁለቱ ቤቶች መካከል የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። ማዳሞቻችን ምሳ በልተው የዐስር ሶላት እስኪደርስ ሲተኙ፣ እኛ እዚያች ክፍል ውስጥ በረኪናና እርጥብ ፎጣ እየሸተተን እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ከደቡብ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ የማጠቢያው ማሽን ክዳን ይንቀጠቀጣል። ስንዱ ቀና ብላ አታይም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታነባለች። ገጹን ከመግፋቷ በፊት አውራ ጣቷን በምላሷ ታርሳለች፣ ወረቀት እንደምትገልጥ ሰው። አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ነበረች፤ ጣቷ ከዚያ ያመጣው ልማድ ነው።

አንድ ቀን ምን እንደምታነብ ጠየቅኋት።

«አላነብም፤ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ።

በኢንተርኔት ላይ ያለ፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሌላውን የሚያርምበት የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት እንዳለ ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። ደመወዝ የለውም፣ አለቃ የለውም። እሷ እዚያ ውስጥ «መዝገብ ቤት» በሚል የብዕር ስም ትታወቃለች። ሳምጣ ስላለችበት ስለ ጂዛን አውራጃ ጽፋለች፤ ስለ ፈይፋ ተራራ የቡና እርከኖች፣ ስለ ባይሽ የወንዝ ዳር እርሻዎች። ከግቢው ውጭ ወጥታ አታውቅም፤ ሁሉንም ከመጻሕፍትና ከሰው ጽሑፍ ለቃቅማ ነው ያጠናቀረችው። እኔም መጻፍ እንደምፈልግ ነገርኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ስምንተኛ።»

«ይበቃል። የሚያስቸግሩት የተማሩት ናቸው» ብላ ስልኬን ተቀበለችኝና ራሷ መዘገበችኝ። የብዕር ስሜን ሳትጠይቀኝ «አዲስ ገቢ» ብላ ሞላችው። እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ ተወለድኩባት መንደር ስለ ዋንዛ በር ነበር። ወሎ ውስጥ ያለች፣ ካርታ የማያውቃት መንደር ናት። ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት ጽፌ የማውቀው ደብዳቤ ብቻ ስለነበረ፣ እንደ ደብዳቤ ነበር የጻፍኩት። ስንዱ በላይነሽ ባለችበት ጮክ ብላ አነበበችው። በላይነሽ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላትም፤ ማዳሟ ስትተኛ የሚታጠብ ምንጣፍ ተሸክማ ወደ እኛ ትመጣ ነበር።

«‘ለተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ’» ስንዱ እዚህ ላይ ቆም አለች። «የሺዬ፣ መዝገበ ዕውቀቱ ስለ ጤናሽ አልጠየቀም።»

በላይነሽ በምንጣፉ አፏን ሸፈነች።

«‘ዋንዛ በር ውሃዋ ጠበል የሚመስል ውብ መንደር ናት።’ ውብ ያላት ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ማነሽ?»

ይህን ብላ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊርማዬን አነበበችልን፤ «ጸሐፊዋ የሺእመቤት ይመር፣ ከሳምጣ» የሚለውን። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አብሮ ካልሳቁ ብቻን መቅረት አለ።

ከዚያ ማረም ጀመረች። «ውብ» ወጣ። «ጠበል የሚመስል» ወጣ። ያያቴ ስም ወጣ፣ ሰላምታው ወጣ፣ ፊርማው ወጣ። ከሰባት ቀን ሥራዬ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀረ። ለሦስቱም አንድ የድሮ የመንግሥት መጽሐፍ ከየት እንዳገኘችው እንጃ ፈልጋ ምንጭ አደረገችላቸው። ሕጎቹንም የነገረችኝ በዚያን ቀን ነው። ስለ ራስሽ አትጻፊ። ስለ ዘመድሽም አትጻፊ። ያየሽውን ሳይሆን የታተመውን ጻፊ። ዘመድሽ በአፉ ያወራው ወሬ ነው፤ ታትሞ ከወጣ ግን የዘመድም ቢሆን ምንጭ ነው። እዚያ የተጻፈ ነገር ደግሞ ቢሰረዝም አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ገጽ ታሪኩን ይይዛል፤ ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንዳነሳ፣ በስንት ሰዓት እንዳነሳው ሁሉ ተቀምጧል። ሙሉ ገጹ እንዲጠፋ ከተወሰነ ብቻ ነው ታሪኩም ከሰው ዓይን የሚሰወረው።

«የሺዬ» ስትለኝ ልትቆርጠኝ እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ አወቅሁ። በተረፈ ቀን «አንቺ» ነበርኩ።

ሕጉን ለጽሑፍ ብቻ ብትተወው ደግ ነበር። አትተወውም ነበር። አንድ ቀን በላይነሽ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«እትዬ ስንዱ፣ ባሌ ሌላ አገባ አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«እህቱ።»

«አንድ ምንጭ፤ ያውም ዘመድ። ሌላስ?»

«ጎረቤታችንም ነግራኛለች።»

«ጎረቤትሽ ከማን ሰማች?»

«ከእህቱ።»

«እንግዲያው ያው አንድ ነው። ሌላ እስኪገኝ ድረስ ባልሽ አላገባም። ያላ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ።»

በላይነሽ እያለቀሰች ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ የሠርጉ ፎቶ በስልክ መጣላት። ለስንዱ አሳየቻት። ስንዱ አውራ ጣቷን አርሳ ፎቶውን አሰፋችው፤ ሙሽራዋን አየች፣ ሙሽራውን አየች፣ ኬኩን ሳይቀር አየች።

«ይሄ ምንጭ ነው» አለች። «አሁን አልቅሺ።»

ሚዛን መጠበቅም ከሕጎቿ አንዱ ስለሆነ የሚከተለውን መጻፍ አለብኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የበላይነሽን ምንጣፍና አንሶላ ያጠበችው ስንዱ ናት። በላይነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች፤ ስንዱ ታጥባለች፤ አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገረችም። ማጠቧን አይቻለሁ። ለምን እንዳጠበች ግን የነገረችኝ ነገር የለም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ሞላ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ግንበኛ ነበር፤ የዋንዛ በር ትምህርት ቤትን የድንጋይ አጥር ከሠሩት አንዱ ነው። ያለ መዶሻ፣ ድንጋዩን በእጁ ገልብጦ ፊቱን የሚያገኝለት ሰው ነበር። ሥራ ሲጠፋ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ገባ። ከድንበሩ ማዶ ሆኖ ደወለልኝ።

«የሺ፣ ነገ እነሳለሁ። ያለሽበት ከተማ ከተራራው ላይ ይታያል አሉኝ።»

«ከተራራው ላይ እኔን ለማየት ብለህ እንዳትቆም» አልኩት። ቀልዴን ነበር።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የደወለልኝ አብሮት የነበረ ሰይድ የሚባል የአገራችን ሰው ነው። ባይሽ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ ተደብቆ ቲማቲም ይለቅም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ።

«ሞላ ከፊቴ ነበር እትዬ የሺ። ፈይፋ ከማዶ ይታየናል። ከባድ መሣሪያ ወደቀ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም። ኸላስ፣ አለቀ። ድንጋይ ነው የጫንበት፤ መቆፈሪያ አልነበረንም።»

ሬሳ የለም፣ ወረቀት የለም፣ መቃብር የለም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረው በዚያ አገር መዝገብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ስላልገባም አልወጣም። አባቴ ማንም ሳይነግረው ሞተ፤ እናቴ ደግሞ መጥቶ ይደውላል እያለች ትጠብቅ ነበር። ስሙ አንድ ቦታ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲጻፍ ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ከምሳ በኋላ ብቻዬን ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጬ የዋንዛ በርን ገጽ ከፈትኩና አራተኛ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ውድ ወንድሜ ሞላ ይመር አበጋዝ የዚህች መንደር ምርጥ ግንበኛ ሲሆን በስደት መንገድ ላይ ሳለ በግፍ ሕይወቱ አለፈ፤ ነፍሱን ይማርልን።»

ለማዳሜ ሻይ አፍልቼ፣ አቅርቤ፣ ስኒ አጥቤ ተመለስኩ። ዓረፍተ ነገሩ የለም። ስልኬ ላይ የደረሰኝ የሰረዘው ሰው ማስታወሻ ነው፦ «ምንጭ የለም። ታዋቂነት የለውም።» ከሥሩ፣ «መዝገብ ቤት»።

በአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። በግቢው ተሻግሬ ሄድኩ። ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሩዝ እየለቀመች ነበር።

«ወንድሜ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ ጽፈሽዋል። ለዚህም ነው የማይሆነው።»

«ሞቷል ስንዱ።»

«ማን አለ?»

«ሰይድ አለ። አብሮት ነበር። ድንጋይ የጫነበት እሱ ነው።»

«የሺዬ» አለች፤ ሩዙን ትታ አየችኝ። «በዚያ ተራራ ላይ ስንት ሰው እንደወደቀ ታውቂያለሽ? ሁሉም እህት አለው። እያንዳንዷ እህት እየመጣች ብትጽፍ የእናንተ መንደር መንደር መሆኗ ቀርቶ የመቃብር ቦታ ትሆናለች። አንድ ሰው ያሳትመው፤ ጋዜጣ ላይ፣ መጽሐፍ ላይ፤ የዚያን ጊዜ እኔ ራሴ አስገባዋለሁ።»

«ማን ነው ስለ ሞላ የሚያሳትም?»

«ማንም። ታዋቂነት የለውም ያልኩት እኮ ለዚህ ነው።»

ወደ ሩዟ ተመለሰች።

ቀጥዬ ያደረግሁትን ሳላለባብስ እጽፋለሁ። ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን የስንዱ ማዳም ኡም ፋሪስ ልብስ እንድተኩስላት ይዛ መጣች፤ ሠራተኛዋ ሥራ በዝቶባት ነበር። በተሰባበረ ዓረብኛዬ አናገርኳት።

«ማዳም፣ ስንዱ በስልኳ ምን እንደምትሠራ ታውቂያለሽ?»

«ከቤተሰቧ ጋር ታወራለች፤ ሌላ ምን ትሠራለች?»

«ስለ ጂዛን ትጽፋለች። ስለ ሳምጣም። ዓለም ሁሉ የሚያየው ነው።»

የሴትዮዋ ፊት ነጣ። በየመንገዱ ፍተሻ በነበረበት፣ ድልድይ ፎቶ ያነሳ ሰው በሚያዝበት ጊዜ ነው ይህን የተናገርኩት። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም። ምንጭም ነበረኝ። «ስልኳን ክፈቺና እይ» አልኳት።

ከፈቱት። ማንበብ የማይችሉት ፊደል አዩ፣ በመካከሉ የድንበሩ መስመር ያለበት ካርታ አዩ። ስንዱ የጻፈችው ዝናብ በየትኛው ወር እንደሚዘንብና ፈይፋ ላይ ምን እንደሚበቅል ነው፤ ይህን ግን ማን ያስረዳላት? ከፊሏ፣ አሠሪዋ ታናሽየው ወንድም፣ ስልኩን ሲሚንቶ ላይ ጥሎ በጫማው ረገጠው። ፖሊስ አልጠሩም፤ ለራሳቸውም ፈርተዋል። በማግስቱ ወደ ኡም ፋሪስ እናት ላኳት። አሮጊቷ ወደ ድንበሩ በሚጠጋ፣ ሰው ሁሉ ለቆ በወጣ መንደር ውስጥ «ቤቴን አልለቅም» ብለው የቀሩ ናቸው። ሠራተኞች እዚያ ሂዱ ቢባሉ የሚስማማ አልተገኘም ነበር። ስንዱ አልተጠየቀችም።

ፒክአፑ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ ወደ እኔ መጣች። በእጇ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ብቻ ነበር። አውራ ጣቷ ስልክ ለምዶ ባዶውን ይንቀሳቀሳል።

«ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም» አለችኝ። «ምንጩን አውቀዋለሁ።»

ይህን ብላ ሄደች። ተራግማኝ ቢሆን ይሻል ነበር።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ነው በላይነሽ የደወለችልኝ። ከማዶ የተተኮሰ ነገር የአሮጊቷን ወጥ ቤት መታው። አሮጊቷ ሳሎን ስለነበሩ ተርፈዋል። የነገራት ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። እኔ ገደልኳት የሚል ሰው ካለ ምንጭ ያምጣ።

እሷ ከሄደች በኋላ መጻፌን አላቆምኩም። ያስተማረችኝን ሕግ ይዤ የሌሎችን እንደ እሷ አርም ነበር፤ «ውብ» የሚል ቃል ካየሁ አላልፍም። ሕጎቹን ራሴ ሳነብ አንድ ያላስተማረችኝ አገኘሁ። አዲስ ለገቡ ሰዎች ታገሡ፣ አታስደንግጧቸው ይላል። ከሌሎቹ ሕጎች ጋር በአንድ ገጽ ላይ ነው ያለው። ሳታየው አልቀረችም።

በላይነሽ አገሯ ገብታ ስለ ስንዱ ገጽ ከፈተች። በሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷና ከነአያቷ። «በሰው አገር በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች፣ ለወገኖቿ ዕውቀት ያበረከተች፣ በጦርነት ሕይወቷን ያጣች ጀግና ሴት» ይላል። ይጠፋ የሚለውን ምልክት አደረግሁበት። ምክንያቱን የምጽፍበት ቦታ ላይ «ምንጭ የለም። ታዋቂነት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ገጽ ማጥፋት የተፈቀደለት አንድ ነባር ጸሐፊ በማግስቱ ገጹን አጠፋው። በላይነሽ ደወለች።

«‘አዲስ ገቢ’ የሚለው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ሕጉ ነው በላይነሽ።»

«ሕጉን ያስተማረችሽ እሷ ናት።»

«እሱንስ መች ካድኩ?»

«አንሶላዬን ያጠበችልኝ ሴት ናት እትዬ የሺ። የሰው ልብ የለሽም።» ከዚያን ቀን በኋላ ደውላልኝ አታውቅም።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው የዋንዛ በርን ገጽ ታሪክ ገልጬ ያየሁት። ሞላ የተሰረዘበትን ሰዓት ለማየት ነበር የገባሁት። መሰረዙን ብቻ ነበር የማውቀው። ከመሰረዙ በፊት ግን ሌላ አንድ መስመር አለ፤ እኔ ዓረፍተ ነገሩን ባስገባሁ በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ በዚያው በእሷ የብዕር ስም። አርማዋለች። «ውድ ወንድሜ» ወጥቷል፣ «ምርጥ» ወጥቷል፣ «በግፍ» ወጥቷል፣ ጸሎቱ ወጥቷል። ከስልክ ወሬዬ የሰማችውን አጥሩንና ተራራውን አስገብታለች። እንዲያ አድርጋ አስተካክላው ሃያ ደቂቃ ያህል ተወችው። ከዚያ ሰረዘችው።

ሊሰረዝ የሆነን ነገር ሰው ለምን ያርማል? በሃያው ደቂቃ ውስጥ ምን ስትፈልግ ነበር? ምናልባት ምንጭ ስትፈልግ ነበር። ምናልባት ሩዝ ስትለቅም ነበር። የሌላውን ሰው ቅንነት ገምቱ የሚል ሕግም አለ፤ እኔ ግን አይሆንልኝም።

ይህ ጽሑፍ መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ ከወጣ ምንጭ ነው። የጻፍኩትም ለዚህ ነው። እህቱ ስለሆንኩ በእጄ ላስገባው አልችልም፤ ከአንባቢዎች አንዱ ይህን ገጽ ጠቅሶ ያስገባው። የሚገባው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ እሷ ያረመችው ነው፤ የተሻለ መጻፍ አልቻልኩም፦

ሞላ ይመር አበጋዝ፣ ግንበኛ፣ የዋንዛ በር ትምህርት ቤትን የድንጋይ አጥር ከሠሩት አንዱ፤ ከየመን ወደ ጂዛን ሲሻገር በፈይፋ አቅራቢያ ባለ ተራራ ላይ ሞተ።

እሷን በተመለከተ፣ ስንዱ ስሟ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመንደሬና የወንድሜ ስም እውነተኛ ነው፤ የእሷን ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ለውጬዋለሁ፤ የብዕር ስሟንም እንዲሁ። ትክክለኛ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አውቀዋለሁ። አልጽፈውም።